ይድነቃቸው ተሰማ

ይድነቃቸው ተሰማ (መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. – ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ የእግር ኳስ ተጫዋች፣ አሠልጣኝና የስፖርት መሪ ነበሩ። በተጫዋችነት ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ለረጅም ዓመታት የተሰለፉ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ስታሸንፍ የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ነበሩ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍ) ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ናቸው። ከ1964 ዓ.ም. እስከ ሕልፈታቸው ድረስም ለ15 ዓመታት የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ነበሩ። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባልም ነበሩ። ስማቸው ከሁሉ በላይ የሚነሣው በሁለት ነገሮች ነው። አንደኛው የአፓርታይድ ሥርዓት የነበረባት ደቡብ አፍሪካ ከእግር ኳስ ውድድሮች እንድትታገድ፣ ሁለተኛው አፍሪካ በዓለም ዋንጫ የራሷ ቦታ እንዲኖራት ያደረጉት ትግል ነው።

ስም

በኢትዮጵያ የአሰያየም ልማድ ሁለተኛው ስም የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም። ስለዚህ ባለታሪኩ በአጭሩ ሲጠሩ «ይድነቃቸው» ይባላሉ። በውጭ አገር ጋዜጦችና በዓለም አቀፍ የስፖርት ሰነዶች ላይ ግን ብዙ ጊዜ «ሚስተር ተሰማ» ተብለው ይገኛሉ፤ አንዳንዴም ስማቸው ተገልብጦ «ተሰማ ይድነቃቸው» ተብሎ ተጽፏል። በዚህ የተነሣ አንድ ስም ሁለት ሰዎችን ያመለክታል። የእግር ኳስ ታሪክ የሚያነብ የውጭ ሰው «ተሰማ» ሲል የካፍን ፕሬዚዳንት ማለቱ ነው፤ የኢትዮጵያን ሙዚቃ የሚያጠና ሰው ግን በዚሁ ስም የሚያውቀው አባታቸውን፣ ገጣሚውንና ዘፋኙን ነጋድራስ ተሰማ እሸቴን ነው። ሁለቱም በየሙያቸው ቀዳሚ ስለነበሩ፣ የቆዩ ጽሑፎችን የሚያነብ ተማሪ የትኛው ተሰማ እንደተጠቀሰ ከዘመኑና ከጉዳዩ መለየት ይኖርበታል።

ልደትና ቤተሰብ

ይድነቃቸው የተወለዱት በዕለተ እንቁጣጣሽ፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 1921) በጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በቅኔያዊ ግጥሞቻቸውና በጨዋታ አዋቂነታቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ወደ ጀርመን ተልከው በነበረበት ጊዜ ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሲሆን፣ ይህም ከኢትዮጵያ ሙዚቃ የመጀመሪያዎቹ የሸክላ ቅጂዎች የሚቆጠር ነው። ልጃቸው በስፖርት ሥራ ቢጠመዱም የአባታቸውን ሕይወትና ግጥሞች ሰብስበው ጽፈዋል። ጽሑፉ «ሰምና ወርቅ» በሚል ርእስ በመጽሐፍ የታተመው ከይድነቃቸው ሕልፈት በኋላ ነው።

የተጫዋችነት ዘመን

ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በአራዳ አካባቢ ነው። መሥራቾቹ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ነበሩ። በዚያን ጊዜ በከተማው ኳስ ይጫወቱ ከነበሩት ቡድኖች ብዙዎቹ የውጭ አገር ነዋሪዎች፣ በተለይም የአርመኖች፣ የግሪኮችና የጣልያኖች ስለነበሩ፣ የኢትዮጵያውያን ክለብ መቋቋሙ ራሱን የቻለ ትርጉም ነበረው። ይድነቃቸው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ሳሉ ክለቡን ተቀላቀሉ።

ክለቡ በተመሠረተ በወራት ውስጥ የፋሺስት ጣልያን ጦር አዲስ አበባን ያዘ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዘለቀው ወረራ የከተማው ኑሮ በዘር ተከፋፈለ። የመኖሪያ ሰፈሩ፣ ገበያው፣ ሲኒማ ቤቱና መጓጓዣው ለነጮችና ለአገሬው ሰው ተለያየ። ዛሬ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በዚህ ዘመን ነው። ስሙ ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ የነበረው ድርጅት ከሚጠራበት «ካሳ ኢንቺስ» ከሚለው የጣልያንኛ አጠራር የመጣ ነው። እግር ኳስም ከዚህ ክፍፍል አላመለጠም፤ ኢትዮጵያውያን ከነጮች ጋር እንዳይጫወቱ ተደረገ። በክለቡ ታሪክ እንደሚነገረው የቅዱስ ጊዮርጊስ ስምም በጣልያኖቹ ተለውጦ ነበር። ይድነቃቸው ከ14 ዓመት እስከ 19 ዓመት ያለውን የወጣትነት ዘመናቸውን ያሳለፉት በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው። በኋላ በአፓርታይድ ላይ የያዙት አቋም ከመጽሐፍ ብቻ የተገኘ አልነበረም።

ከነፃነት በኋላ ክለቡ በስሙ ተመልሶ መጫወት ጀመረ። በ1936 ዓ.ም. የተጀመረው የመጀመሪያው የሊግ ውድድር አምስት ቡድኖች ነበሩት። እነርሱም ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስ፣ የጣልያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ናቸው። የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደው የእንግሊዞቹ ቡድን ነበር። ቅዱስ ጊዮርጊስ የሊጉን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሣው በ1942 ዓ.ም. ሲሆን ይድነቃቸው በዚያን ጊዜ ከክለቡ ነባር ተጫዋቾች አንዱ ነበሩ።

ይድነቃቸው በክለቡ 23 ዓመት ያህል ቆይተው በ1950 ዓ.ም. ጫማቸውን ሰቅለዋል። በእነዚህ ዓመታት 365 ጨዋታዎችን አድርገው 318 ጎሎችን እንዳስቆጠሩ ተመዝግቧል። ለብሔራዊ ቡድን 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታ ተብሎ የሚታወቀው ኅዳር 25 ቀን 1940 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ሶማሌ ላንድ (ከዛሬዋ ጅቡቲ) ጋር የተደረገው ሲሆን ኢትዮጵያ 5 ለ 0 አሸንፋለች።

ገና ሲጫወቱ የስፖርት አስተዳደር ሥራም ጀምረው ነበር። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1943 ሲቋቋም በሥራው ከተሰማሩት ወጣቶች አንዱ ነበሩ። በዚያን ጊዜ የጨዋታው ሕግ በውጭ ቋንቋ ብቻ ይገኝ ስለነበር ወደ አማርኛ የመመለሱን ሥራ ሠርተዋል።

የካፍ ምሥረታ

በ1948 ዓ.ም. ፊፋ በፖርቱጋል ዋና ከተማ በሊዝበን ጉባኤውን ባደረገ ጊዜ የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ለማቋቋም ተመካከሩ። አብዛኛው የአፍሪካ ክፍል ገና በቅኝ ግዛት ሥር ስለነበር የፊፋ አባል የነበሩት እነዚህ አራቱ አገሮች ብቻ ነበሩ። የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. የካቲት 8 ቀን 1957) ካፍ በካርቱም ተመሠረተ። ይድነቃቸው ኢትዮጵያን ወክለው ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ።

ድርጅቱ ገና ሲመሠረት ፈተና ገጠመው። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በዚያው ሳምንት በካርቱም ሊጀመር ነበር። የደቡብ አፍሪካው ተወካይ ፍሬድ ፌል አገራቸው ነጮች ብቻ ያሉበትን ወይም ጥቁሮች ብቻ ያሉበትን ቡድን እንጂ የተቀላቀለ ቡድን እንደማትልክ አስታወቁ። ሦስቱ አገሮች ይህን ሳይቀበሉ ቀሩና ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ውጭ ሆነች። በዕጣው መሠረት ከደቡብ አፍሪካ ጋር ትጫወት የነበረችው ኢትዮጵያ ስለነበረች ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አለፈች። በፍጻሜው ግን በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ አራቱንም ጎሎች ያስቆጠረው አድ ዲባ ነበር። በ1951 ዓ.ም. በካይሮ በተደረገው ሁለተኛው ዋንጫም ኢትዮጵያ በግብፅ 4 ለ 0፣ በሱዳን 1 ለ 0 ተሸንፋ ያለ ድል ተመለሰች።

የ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በጥር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተካሄደ። ጨዋታዎቹ የተደረጉት በዛሬው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በመስቀል አደባባይ አጠገብ በሚገኘው በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ነው። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በካዛንቺስ በኩል ያለው የአፍሪካ አዳራሽ ከተመረቀ አንድ ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር፤ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚሁ አዳራሽ ነው።

የኢትዮጵያ ቡድን አሠልጣኝ ይድነቃቸው ነበሩ። በግማሽ ፍጻሜው ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 ስታሸንፍ፣ በወቅቱ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ዑጋንዳን 2 ለ 1 አሸነፈች። የፍጻሜው ጨዋታ የተደረገው እሑድ ጥር 13 ቀን፣ ከጥምቀት በኋላ በሁለተኛው ቀን ነው። ግብፅ የቀደሙትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደች ቡድን ነበረች። በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ አብደል ፈታህ ግብፅን መሪ አደረገ። ግርማ ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ አቻ ቢያደርግም ባዳዊ በማግስቱ ደቂቃ ሁለተኛውን ጎል አስቆጠረ። መደበኛው ሰዓት ሊያበቃ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ጎል አክለው ጨዋታው 4 ለ 2 ተጠናቀቀ። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ያሸነፈችው በዚያ ቀን ብቻ ነው።

ቫሳሎ ወንድማማቾች ከጣልያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱ ነበሩ። ከወረራው ማብቂያ ሃያ ዓመት ያህል ብቻ ስለሆነ የጣልያን ስም በብዙ ሰው ዘንድ ቅሬታ ያስነሣ ነበር። እንደሚነገረው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ዋንጫውን የጣልያን ስም ለያዘ አምበል እንዲሰጡ ያልፈለጉ ባለሥልጣናት ነበሩ። ይድነቃቸው ግን አምበሉን ለመቀየርም ሆነ ስሙን ለመለወጥ የቀረበውን ሐሳብ አልተቀበሉም። ሉቺያኖ ቫሳሎ በገዛ ስሙ ተጠርቶ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። አምስት ዓመት ቀደም ብሎ በካርቱም ተጫዋቾችን በዘር መለየት ያልተቀበሉት ይድነቃቸው በገዛ አገራቸው ቡድን ውስጥም ያንኑ መለኪያ ተጠቀሙ።

የዓለም ዋንጫ ተቃውሞ

እ.ኤ.አ. በ1966 በእንግሊዝ ለሚደረገው የዓለም ዋንጫ ፊፋ ቦታዎችን ሲያከፋፍል ከ16ቱ ቦታዎች ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሽንያ በጋራ የተሰጠው አንድ ብቻ ነበር። የአፍሪካ አሸናፊ በቀጥታ አያልፍም፤ ከሌላው አህጉር አሸናፊ ጋር እንደገና መጫወት ነበረበት። የጋናው የስፖርት መሪ ኦሄኔ ጃንና ይድነቃቸው ይህ ለአፍሪካ አይገባም ሲሉ ለፊፋ አስታወቁ። ሌላው የተቃውሞው ምክንያት ደቡብ አፍሪካ ነበረች። ፊፋ በእንግሊዛዊው ፕሬዚዳንት በሰር ስታንሊ ራውስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የደቡብ አፍሪካን እገዳ አንሥቶ ነበር።

ጥያቄያቸው ባለመመለሱ የካፍ አባል አገሮች በ1956 ዓ.ም. ክረምት ከማጣሪያው ለመውጣት ወሰኑ። ፊፋ በገንዘብ ቢቀጣቸውም ከአቋማቸው ፈቀቅ አላሉም፤ የ1966ቱ የዓለም ዋንጫም ያለ አንድ የአፍሪካ ቡድን ተካሄደ። ለእነዚያ ዓመታት ተጫዋቾች ይህ ትልቅ ዋጋ ነበረው። ጋና በ1956 እና በ1958 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን በተከታታይ ያሸነፈ ጠንካራ ቡድን ቢኖራትም ያ ቡድን በዓለም ዋንጫ ሳይታይ ቀርቷል። ሆኖም ተቃውሞው ፍሬ አፈራ። የደቡብ አፍሪካ እገዳ እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ጉባኤ ተመለሰ፤ አፍሪካም ከ1970ው የዓለም ዋንጫ ጀምሮ የራሷን ቦታ አገኘች። ያን ዕድል መጀመሪያ የተጠቀመችው ሞሮኮ ናት።

የካፍ ፕሬዚዳንትነት

ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የካፍ አራተኛው ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ከእርሳቸው በፊት ሁለት ግብፃውያንና አንድ ሱዳናዊ ቦታውን ይዘው ነበር። በአራት አገሮች የተጀመረው ድርጅት የአፍሪካ አገሮች ነፃ እየወጡ ሲቀላቀሉት በፊፋ ጉባኤ ትልቅ የድምፅ ኃይል ያለው ሆነ። ይህ ኃይል ጎልቶ የታየው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። በዚያ ዓመት በፍራንክፈርት በተደረገው ምርጫ ብራዚላዊው ዦዋዎ አቬላንዥ በአፍሪካ አገሮች ድጋፍ ጭምር ሰር ስታንሊ ራውስን አሸነፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሞንትሪያል ጉባኤ ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ተባረረች። እ.ኤ.አ. በ1982 የዓለም ዋንጫ ተሳታፊዎች ወደ 24 ሲያድጉ የአፍሪካ ቦታ ሁለት ሆነ። በዚያ ውድድር አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸነፈች፤ ካሜሩንም ሦስቱንም ጨዋታዎቿን ሳትሸነፍ ጨረሰች።

በእርሳቸው ዘመን የአፍሪካ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ፣ እንዲሁም ከ20 ዓመት በታችና ከ17 ዓመት በታች የሆኑ ወጣቶች የአፍሪካ ውድድሮች ተጀምረዋል። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ለሦስተኛ ጊዜ በኢትዮጵያ ሲዘጋጅ አገሪቱ በአብዮት ውስጥ ነበረች። ጨዋታዎቹ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተደረጉ። በአዲስ አበባ ስታዲየም በተካሄደው የመጨረሻ ጨዋታ ሞሮኮ ከጊኒ ጋር 1 ለ 1 ተለያይታ ዋንጫውን ወሰደች።

ከአመራራቸው ብዙ ያከራከረው ጉዳይ በውጭ አገር የሚጫወቱ አፍሪካውያን ነገር ነው። በካፍ ደንብ መሠረት አንድ ቡድን ወደ አፍሪካ ዋንጫ ይዞ የሚመጣው በውጭ የሚጫወቱ ሁለት ተጫዋቾችን ብቻ ነበር። የደንቡ ደጋፊዎች የአገር ውስጥ ክለቦችና ሊጎች እንዳይዳከሙ ይጠቅማል ይሉ ነበር። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ምርጥ ተጫዋቾች ለአገራቸው እንዳይሰለፉ ያደርጋል በማለት ይነቅፉት ነበር። ደንቡ የይድነቃቸውን የፕሬዚዳንትነት የመጀመሪያ አሥር ዓመታት ጸንቶ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1982 ተነሣ። ከዚያ በኋላ የአፍሪካ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ የሚያደርጉት ጉዞ እየበዛ ስለሄደ በደንቡ የተነሣው ክርክር ዛሬም አላበቃም።

በአንጻሩ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በእነዚሁ ዓመታት እየተዳከመ ሄደ። በ1960 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በአሥመራ በተዘጋጀው ዋንጫ አራተኛ የወጣው ቡድን፣ በ1968 ዓ.ም. በሜዳው ከምድቡ ማለፍ አልቻለም። በ1974 ዓ.ም. በሊቢያ በተደረገው ውድድር ከተሳተፈ በኋላም ይድነቃቸው በሕይወት ሳሉ ወደ አፍሪካ ዋንጫ አልተመለሰም።

ሕልፈት

ይድነቃቸው በካንሰር ሕመም ምክንያት 66 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ፣ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በቡሄ ዕለት በአዲስ አበባ ዐረፉ። ሲሞቱ የካፍ ፕሬዚዳንትነታቸውን አልለቀቁም ነበር። ሱዳናዊው አብደል ሃሊም ሞሐመድ ቦታውን በጊዜያዊነት ከያዙ በኋላ በ1980 ዓ.ም. ካሜሩናዊው ኢሳ ሃያቱ ተመርጠው እስከ 2009 ዓ.ም. መርተዋል።

ከሕልፈታቸው በኋላ

ደቡብ አፍሪካ አፓርታይድን ማፍረስ ከጀመረች በኋላ በ1984 ዓ.ም. ወደ ፊፋ ተመለሰች። እ.ኤ.አ. በ1996 ነጮችም ጥቁሮችም በተሰለፉበት ቡድን በሜዳዋ የአፍሪካ ዋንጫን አሸነፈች፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ በአፍሪካ ምድር የተደረገውን የመጀመሪያ የዓለም ዋንጫ አዘጋጀች።

ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው በ2005 ዓ.ም. ሲሆን፣ አዘጋጇ ደቡብ አፍሪካ ነበረች። የመጀመሪያ ጨዋታዋን ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ያደረገችው ጥር 13 ቀን፣ የ1954ቱ ድል በተገኘበት ዕለት ነው። ጨዋታው 1 ለ 1 ሲጠናቀቅ የኢትዮጵያን ጎል ያስቆጠረው የቅዱስ ጊዮርጊሱ አዳነ ግርማ ነበር።